ጋሼ ቀና በልና የቅዳሜው ወረፋ

ውድ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች፣ እንዲሁም ሃይማኖት ሳይጠራችሁ እሳቸውን ብላችሁ ብቻ የመጣችሁ ወዳጆች፤ እግራችሁ እንዳይዝል ጥላ ወዳለበት ጠጋ ጠጋ በሉ። የምንሸኛቸው ሰው ሕይወት በጥድፊያ የሚነገር አይደለም፤ የምታነብላችሁ ታናሽ እህታቸውም ዕድሜዋን ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትለፈልፍ የኖረች አስተማሪ ስለሆነች፣ አሳጥሪ ብትባልም አይሆንላትም።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ቀና በል እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከግንበኛው አባታቸውና ገበያ ዳር አትክልት እየቸረቸሩ ጓዳውን ከሚደጉሙት እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው በሥራ ቀን ፊታቸው ከሲሚንቶ አቧራ የማይለይ ሰው ቢሆኑም፣ እሑድ ሲሆን ጥፍራቸውን በብሩሽ ፈትገው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ቤተሰቡን ፊት ፊት አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። በዚያ ዘመን ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ጥላ የለኝም እንደሚል ሰው ይቆጠር ስለነበር፣ ሰው ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው ይሻገር እንደሆነ እንጂ ከነጭራሹ ከሁሉም ወጥቶ ይቆማል ብሎ ያሰበ በአካባቢው አልነበረም።

ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በሂሳብ የሚያስመሰግን ውጤት ኖሯቸው ባያውቅም ጮክ ብሎ በማንበብ የሚስተካከላቸው አልነበረምና ገና በልጅነታቸው በጉባኤ ፊት ቅዱስ ቃሉን እንዲያነቡ ይመረጡ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ከግንብ መወጣጫ ላይ ወድቀው ወገባቸውን በመጎዳታቸው፣ ትምህርቱን አቋርጠው ከአጎታቸው ፀጉር ቤት ገቡ፤ መጀመሪያ ወለል ሲጠርጉና ፎጣ ሲያጥቡ ከርመው፣ በኋላ መቀስ ሲጨብጡ የቆረጡት የመጀመሪያው ፀጉር የደንበኛ ሳይሆን የታናሽ እህታቸው ነበር። እህታቸው ወር ሙሉ ሻሽ አስራ ትምህርት ቤት ተመላለሰች፤ ይህ ሐዘን ባይመጣ ኖሮ እስካሁንም ይቅር ባላለቻቸው ነበር።

አጎታቸው ሲያረጁ ፀጉር ቤቱን ወረሱ። በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መካከል የተጣበቀች፣ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ መስታወትና ጣቢያ ቀይሩልኝ ሲባል የሚያኮርፍ ሬዲዮ ያሉባት ጠባብ ቤት ነበረች። ደንበኛ አንገቱን ሲደፋ አገጩን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ቀና በል ማለት ልማዳቸው ስለነበር፣ ይህንንም ባለሥልጣን ይሁን ተሸካሚ ሳይለዩ ለሁሉም ስለሚሉ፣ ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። ሥራውን ጨርሰው በማጅራት ላይ የቀረውን ፀጉር በለስላሳው ብሩሽ ሲያራግፉ ደግሞ ጥቂት ይቆዩ ነበር፤ ደንበኛው ለንጽሕናው የተጨነቁ ይመስለው ነበር እንጂ፣ ባለቤታቸው ብቻ እንደሚያውቁት፣ በዚያች ቅጽበት ለዚያ ሰው በሆዳቸው ይጸልዩለት ነበር። ይህን ስትሰሙ ማጅራታችሁን የምትዳስሱ እንደምትኖሩ አውቃለሁ።

የፀጉር ቤቱ ትልቅ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰው ሁሉ ለእሑድ ራሱን የሚያሰናዳበት ቀን ስለሆነ አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ደጅ ላይ ይቆማል፤ አባት ከወንድ ልጆቹ ጋር ተሰልፎ ይመጣል፤ ፂሙን ሳምንት ያሳደገው ይላጫል፤ ወንድማችንም ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ከጠዋት እስከ ምሽት ቆመው ይውላሉ። ሰውን ለእግዚአብሔር ቤት ማሰናዳት የእሳቸው የአገልግሎት ድርሻ እንደሆነ ያምኑ ነበርና በማግስቱ በጉባኤው ፊት ቆመው ቃሉን ሲያነቡ፣ ከታች የተደረደረውን ጭንቅላት ሁሉ በየተራ እየቃኙ የራሳቸውን የእጅ ሥራ ያደንቁ እንደነበር ለቤተሰባቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

ትዳር የያዙበትም ሁኔታ ከዚሁ ሥራቸው የራቀ አልነበረም። አንድ ቀን የአንድ ጎረምሳ ጆሮ ጫፍ በምላጭ ነካ አድርገው ደም ስላፈሰሱት፣ በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ የነበሩት ታላቅ እህቱ ወንድማቸውን እየጎተቱ መጥተው፣ ምላጩ በምን እንደሚጸዳ፣ አልኮሉ የት እንደሚቀመጥና ፎጣው በስንት ቀን እንደሚቀቀል በደንበኛ ሁሉ ፊት አፋጠጧቸው። ጋሼ ቀና በልም፣ እንዴት እንደሚደረግ መጥታ የምታሳየኝ ሰው አጣሁ ብለው አረፉት። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ነርሷ ለማሳየት እንደመጡ በዚያው ባለቤታቸው ሆኑ፤ ዘመድ ሁሉ ጆሮ ቆርጦ ሚስት ያገኘ እሱ ብቻ ነው እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል።

በትዳራቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ወንዱ የመብራት ሠራተኛ ሆኖ በየምሰሶው ጫፍ ሲንጠለጠል የሚውል፣ እሑድ በመዘምራን መካከል የሚቆም ልጅ ሆነላቸው። ሴቷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ በፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ያደገች፣ አባቷ የሚያነቡትን ምዕራፍ ሁሉ በቃሏ የምትወጣ፣ የምትጠይቀውም ጥያቄ ማለቂያ ያልነበረው፣ ነገር ቢታለፍ የማይሆንላት ልጅ ነበረች፤ አባትና ልጅም አንድ ሆድ ነበሩ። በሌላ ከተማ ተምራ እዚያው የመጠጥ ውኃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዘች።

ለእረፍት በመጣችበት በአንደኛው ዓመት፣ አባቷ እንደ ወትሮው ማዕዱን እንድትባርክ ሲጋብዟት፣ "አባዬ፣ እንዳልዋሽህ ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት፤ አላምንም። ሃይማኖት የለኝም" አለቻቸው። እሳቸው ማዕዱን ራሳቸው ባርከው ምሳው ተበላ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ቀን ምግብ አልዋጥ ብሏቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። እውነት መናገርን ያስተማሯት እሳቸው በመሆናቸው ሊቆጧት አልቻሉም። ለአንድ አማኝ አባት በዘላለም ቤት ልጁ ከጎኑ ላትኖር ትችላለች ብሎ ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያልደረሰበት ሰው በቀላሉ የሚረዳው አይደለም።

እዚህ ላይ ወንድማችን አንድ ስሕተት ሠሩ፤ ከፍቅርም ከልማድም የመጣ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሸክምን ለብቻ መሸከም እንደ ትዕቢት ስለምንቆጥረው፣ የከበደን ነገር ሁሉ የጸሎት ርእስ አድርገን ለወገን ማቅረብን ደንብ አድርገን ይዘነዋል። እሳቸውም በረቡዕ የጸሎት ቡድን ውስጥ ተነሥተው የልጃቸውን ነገር አቀረቡ፤ በየሳምንቱም እንዴት ሆነች ሲባሉ፣ እሷ ለእሳቸው ብቻ በስልክ የነገረቻቸውን፣ ከእጮኛዋ መለያየቷንና በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ መክረሟን ሳይቀር፣ ጸሎቱ ይበልጥ እንዲጠነክር በማሰብ ተናገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ከጸሎት ቡድኑ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ተመልሶ ወደ ራሳቸው ፀጉር ቤት መጣ፤ ፂሙን የሚላጨው ሁሉ ልጅቷስ ተመለሰች ወይ እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ጋሼ ቀና በል ቃሉን በማንበብ ያገለገሉበት ዘመን ሲታሰብ ቤተ ክርስቲያኗ የምስጋና እሑድ አዘጋጀች። ልጃቸው ባታምንም ስለ አባቷ ክብር ስትል ረጅም መንገድ ተጉዛ መጥታ፣ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። የጉባኤው መሪ ሲያያት ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት፣ ለዓመታት በጸሎት ስንሸከማት የኖርናት ልጅ ዛሬ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለችና ወደ ፊት ትምጣ ብሎ በድምፅ ማጉያው ጠራት። እልልታው ቀለጠ፤ የማታውቃቸው ሰዎች እጃቸውን ጫኑባት፤ አንዲት ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቅ እናት እያለቀሱ አቅፈዋት፣ እጮኛሽ ቢሄድም ጌታ አልሄደም፣ ከእንግዲህ እንቅልፍሽም ይመለሳል አሏት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ልጅቷ ሁሉንም በጨዋነት አመስግና፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ተቀምጣ፣ ደጅ ላይ አባቷ ሲቀርቧት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤

"አባዬ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የነገርከው መስሎኝ ነበር።"

በዚያው ተሳፍራ ሄደች፤ ለዓመታትም ወደ ቤት አልመጣችም። ለእናቷ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ለወንድሟ ልጆች ልብስ ትልካለች፤ የአባቷ ድምፅ በስልኩ ሲመጣ ግን ደህና ነኝ ከማለት አታልፍም ነበር። አባቷም መጀመሪያ ላይ ተቀየሙ፤ ክፉ አላደረግሁም፣ ጸለይኩላት እንጂ እያሉ ሲብሰለሰሉ ባጁ። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ በክትባት ክፍላቸው የአንዱን ልጅ ነገር ለሌላው እናት ትንፍሽ ሳይሉ ጡረታ የወጡት ሴት፣ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ "ለደንበኛ ሁሉ በሆድህ ትጸልያለህ። ለልጅህ ግን በድምፅ ማጉያ" አሏቸው።

በቀጣዩ ረቡዕ ጋሼ ቀና በል በጸሎት ቡድኑ መካከል ቆመው የልጃቸው ርእስ ከጸሎት ዝርዝሩ እንዲነሣላቸው ጠየቁ። ርእስ የሚነሣው መልስ ሲያገኝ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ተመለሰች ማለት ነው ብሎ እጁን ለጭብጨባ ሲያዘጋጅ፣ አልተመለሰችም፣ ጸሎቱንም እኔ አልተውኩም፣ ከእንግዲህ ግን የእኔና የአምላኬ ጉዳይ ነው ብለው ተቀመጡ። እምነታቸው የቀዘቀዘ መስሏቸው ያሟቸው አልጠፉም።

በዚያው ዘመን በፀጉር ቤቱ ሌላ ለውጥ ይታይ ጀመር። የቅዳሜው ወረፋ እየሳሳ ሄዶ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ሬዲዮውን እንኳ የሚሰማ ሰው እስኪታጣ ድረስ ደረሰ፤ ዓርብ ማታ ግን ለመዝናናት የሚሰናዱ ወጣቶች ይሞሉታል፤ አንዱማ እሑድ ጠዋት ቢከፍቱ ደንበኛ አያጡም ብሎ መክሯቸው፣ እሑድማ እኔ ራሴ የሌላ ሰው ደንበኛ ነኝ ብለው በሳቅ መልሰውታል። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሲባል ምንም የሚለው ሰው በዝቷል ብሎ ሁሉም ያወራ የነበረውን፣ እሳቸው ከወንበሩ ኋላ ቆመው ፊት ለፊት አዩት። የቀድሞው ጋሼ ቀና በል ቢሆኑ ምክር ይጀምሩ ነበር፤ የኋለኛው ግን ከልጃቸው ነገር በኋላ አዲስ ልማድ አወጡ። ለምን ቀረህ ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መቀሱን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አፋቸውን አያንቀሳቅሱም፤ የሰሙትንም የማን እንደሆነ ከዚያች ቤት ውጭ አያወጡም። ስም ሳይጠሩ ለባለቤታቸው ካጫወቱት ግን እኛም ጥቂት እናውቃለን። አንዱ ልጁ ሲሞትበት እምነትህ ስላነሰ ነው ተብሎ ከመቃብር ሳይመለስ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነበር። ሌላው የእሑድ ፈረቃ ደርሶት ሲቀር ማንም የት ገባህ ሳይለው ዓመት ያለፈው፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ያፈረ ነው። አያቱ አማኝ፣ አባቱ በበዓል ብቻ ሂያጅ፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ በሩን የማያውቅ፣ ምንም ያልከዳ ወጣትም ነበር። አንዱ መሐንዲስ ግን ማንም አላስቀየመኝም፣ ቂምም የለኝም፣ አንብቤ አስቤ እውነት ሆኖ አላገኘሁትም ብሏቸው፣ ይህኛው ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር፤ ምክንያቱም ልጃቸው የነገረቻቸው ይህንኑ ነበር፣ ይቅርታ ጠይቀው የሚያድኑት ቁስልም አልነበረውም።

ቤተ ክርስቲያኗ ወጣቱ ለምን እንደሸሸ ለመምከር ሽማግሌዎቿን የሰበሰበች ጊዜ፣ አንዱ ስልኩን፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲውን፣ አንዱም ሰይጣንን ከሰሰ። ጋሼ ቀና በል የጠየቁትን ሰው አንድም ሳይገልጹ፣ ከመካከላችን የቀሩትን በየቤታቸው ለመስማት እንሂድ፣ እንመልሳቸው ብለን ግን አንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መሪው፣ ታዲያ እምነት ኖረ አልኖረ አንድ ነው ልትለን ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንድማ ቢሆን ኖሮ እኔ ልጄን እያሰብኩ ባላደርኩ ነበር ብለው ከመለሱ በኋላ፣ በእጃቸው መጽሐፉን እንደያዙ የተናገሩትን የነበሩት ሁሉ ያስታውሱታል፤ "ጌታ በተናገረው ምሳሌ ያ አባት ልጁን ከሩቅ ሲያየው ሮጦ አቀፈው ይላል። ልጁ እስኪመጣ ድረስ ግን ለመንደሩ ሲያወራበት ከረመ አይልም። እኛ ሩጫውን ትተን ወሬውን ያዝን።" ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኗ የማንም ልጅ ጉዳይ በስም እየተጠራ አይጸለይም፤ በየቤቱ ለመስማት የሄዱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ይህም ሳይነገር አይታለፍም።

ይህን ከተናገሩ በኋላ ራሳቸውን ታዘቡና፣ ለሌላው የመከሩትን ሊያደርጉ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሄዱ። ሽማግሌ አልላኩም፤ አማላጅም አልያዙም። በሩን ስትከፍትላቸው ደንግጣ ግባ አለቻቸው፤ ሻይ አፍልታ ከፊታቸው አስቀመጠች። እሳቸውም ቁጭ እንዳሉ፣ "ነገርሽን አውጥቼ በትኜዋለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ" አሏት፤ ስለ እምነት ምንም አልጨመሩም። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል እኛ ባደግንበት ቤት ታይቶ አይታወቅም። እሷም፣ እሳቸው ፍንጃሉን ሲያነሡ ሻዩ ሳህኑ ላይ ሲንጠባጠብ አይታ፣ ለይቅርታው መልስ ሳትሰጥ፣ "እጅህን ምን ሆነህ ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው። ለባለቤታቸው እንኳ ደብቀውት የነበረውን መንቀጥቀጥ ያን ዕለት ለእሷ ነገሯት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ሄደች።

ሐኪሙ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም መሆኑን፣ የሚያዘገዩት እንጂ የሚያድኑት አለመሆኑን ነገራቸው። ፀጉር አስተካካይ በእጁ ነው የሚኖረው፤ መጀመሪያ ምላጩን፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ በመጨረሻም ቶንዶሱን አስቀመጡና ፀጉር ቤቱን ለሌላ ባለሙያ አስረከቡ። ልጃቸው ወደዚህ ከተማ የውኃ ላቦራቶሪ ተዛውራ መጥታ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ፂማቸውን ትላጭላቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ እየቆረጠቻቸው፣ ይህ እጅ ውኃ ሲመረምር ነው የሚያምርበት እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እየላጨቻቸው ይከራከራሉ፤ እሳቸው ለምን እንደሚያምኑ ይነግሯታል፣ እሷም ለምን እንደማታምን ሳትፈራ ትነግራቸዋለች፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል እናትየው ከጓዳ ሆነው ምላጭ ይዛችሁ አትጣሉ ይሏቸዋል። ባለቤታቸው እንደሚሉት ከሕመሙ በፊት ከነበሩት ዓመታት ይልቅ እነዚያ ጠዋቶች ለወንድማችን የደስታ ጊዜ ነበሩ። አንድ አገልጋይ ሊጠይቃቸው መጥቶ ልጅቷም ተንበርክካ አብራ እንድትጸልይ ሲጋብዛት፣ "እሷን ተዋት። እሷ ለእኔ ነው የመጣችው" ብለው መልሰውታል።

በኋላ ሕመሙ ጉሮሯቸው ደርሶ መናገር ከለከላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠዋት ሲነሡ ድምፅ አውጥተው አባታችን ሆይን ሳይሉ ውለው አያውቁም ነበር፤ ድምፃቸው ከጠፋ ወዲህ ባለቤታቸው ወይም ወንድ ልጃቸው አጠገባቸው ሆነው ይሉላቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ባለቤታቸው መድኃኒት ሊያመጡ ወጥተው፣ ወንዱም ሥራ ላይ ሆኖ፣ ሴት ልጃቸው ብቻ ሳሙናውን ከፊታቸው ላይ እየጠረገች ሳለች ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ውኃ የጠማቸው መስሏት ስታቀርብላቸው እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው አሁንም ያንኑ ይሞክራል፤ የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ ማውጣት ሲያቅታቸው እንባቸው ወረደ። ልጃቸው ያኔ ገባት። ፎጣውን አስቀምጣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀውን ጸሎት፣ እሷ የማታምነውን፣ በእሳቸው ፈንታ በቀስታ ጀመረችላቸው። ከንፈራቸው ከእሷ ድምፅ ጋር እኩል ሄደ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አንሥተው አፏ ላይ አኖሩና፣ ለሳምንታት ድምፅ ያልወጣው አፋቸው አሜን አለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ፣ ባለቤታቸውና ሁለቱም ልጆቻቸው ባሉበት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ለእናንተ የምናነበው ልጃቸውን ጠይቀን፣ እሷም ፈቅዳ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላለች፤ ምስክርነት እንዳታደርጉት። አልተመለሰችም፤ ዛሬም አታምንም። አባቷ እጃቸውን አፏ ላይ ያኖሩት ለምን ይመስልሻል ስንላት፣ "የእኔ ያልሆነውን እንድል አልፈለገም። አሜኑን ራሱ አለው" ብላለች። ከመካከላችን እጃቸውን ባያነሡ፣ እሷም አሜን ብትል ኖሮ ብሎ የሚመኝ አለ፤ ይህን የምታነበው እህታቸውም ትመኛለች። ወንድማችን ግን ከማንም በላይ ሲመኙት የኖሩትን ያን ቃል ከአፏ ሊሰሙት አንዲት ትንፋሽ ሲቀራቸው፣ ልጃቸውን መርጠው ከለከሏት። የወደዷት እንዲህ አድርገው ነው።

ጋሼ ቀና በል በትዳር አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም ከእጃቸው በታች አንገቱን ያልሰጠ የማይገኝበትን ይህን ሰፈር ትተው አልፈዋል። ታመው ሳሉ ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ቅን ልባችንን ከስሕተታችን ለይቶ የሚያይ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ተቀብሎ ከወዳጆቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን የምትሉ በሉ፤ የማትሉም አብራችሁን ቁሙ።